በጀርባው ሃምሳ አንድ የተጻፈበት ሰዓት

ሰው ፊቱን አይቶት በማያውቅ ሰው ዘንድ ስም ሊኖረው እንደሚችል የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የእኔ ስም ከሱቄ ተነሥቶ፣ ምኒልክ አደባባይን ዞሮ፣ ቢበዛ ካርቲየ 3 የሚባለው ሰፈር ደርሶ የሚመለስ ነበር። ለአንድ ሰዓት ጠጋኝ ይኼም ይበቃዋል።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን የተማርኩት አንድ አርመናዊ ሰዓት ሠሪ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው። ጌታዬ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሁለት ነገር ግን ሳይሰለች ይደጋግምልኝ ነበር። አንዱ፣ "ብሎን ስትፈታ ማንም ያልነካው እስኪመስል አድርገህ ፍታ" የሚል ነው። ሁለተኛው፣ "ከአንዱ ሰው ሰዓት አውጥተህ ለሌላው ሰው ሰዓት አታግባ።" ባለቤቱ ውስጡን አያየውም። ደህናውን የማሽን ጥርስ አውጥቶ ያለቀውን መክተት ለሚፈልግ ሰው የሰዓት ሥራ ምቹ ነው። እኔ አላደረግሁትም። ራሴን ለማመስገን አይደለም፤ ለኋላው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው የማነሣው።

ስልክ ሰዓቱንም ጠቅልሎ ይዞ ከመጣ ወዲህ ሥራዬ ቀዘቀዘ። ጠዋት ሱቁን እከፍታለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ እንደ አገሩ ሁሉ ዘግቼ እተኛለሁ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ተመልሼ እከፍታለሁ፤ በመሐሉ የገባው አንድ ባትሪ የሚያስቀይር ሰው ቢሆን ነው። መሳቢያዬ ግን ሙሉ ነበር። ከመርከበኞች የገዛኋቸው፣ "የማሠሪያው ዋጋ ከሰዓቱ ከሚበልጥብኝ ላንተው ይሁን" ብለው የተዉልኝ፣ በየዘመኑ ለራሴ ያስቀመጥኳቸው ሰዓቶች ተደርድረዋል።

ልጄ ወደብ አካባቢ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። ወደ ኢትዮጵያ ለሚያልፍ ዕቃ ወረቀት ታዘጋጃለች። አንድ ቀን ሱቄ መጥታ መሳቢያውን ሳበችው።

"አባዬ፣ እነዚህን ምን ልታደርጋቸው ነው?"

"ምን አደርጋቸዋለሁ? ያርጁ።"

"አርጅተዋል እኮ! ለእርጅናቸው የሚከፍል ሰው አለ።"

እንዲህ ብላ ነው የኮምፒውተሩን ሐራጅ ያሳየችኝ። ሐራጅ አውቃለሁ። በልጅነቴ ባለቤት ያጣ ዕቃ ወደብ ላይ ሲሸጥ ሰውየው ሣጥን ላይ ቆሞ እየጮኸ ዋጋ ያስጨምር ነበር። ይኼኛው ጩኸት የለውም። ሰዓቱን ፎቶ አንሥተህ፣ ትንሽ መነሻ ዋጋ ጽፈህ ለሳምንት ትሰቅለዋለህ። ስድስት ቀን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። በሰባተኛው ቀን፣ ሊዘጋ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ይጎርፋል። የእኛው ከተማ ነገር ነው፤ ከሰዓት ባዶውን የዋለ መንገድ ጥላ ሲወርድ እንደሚሞላው።

ቀስ እያልን ሥራውን ለመድነው። ፎቶ በጠዋት ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ነው የሚነሣው። ጭረቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ጭረቱን አቅርበህ ካላሳየኸው አያምኑህም። የመጀመሪያዋን ሰዓት እኔ እንደ ለመድኩት ወልውዬ፣ አዲስ አስመስዬ ስሰቅላት ማንም አልፈለጋትም። ሁለተኛዋን እንዳለች ሰቀልኳት፣ ተሻሙባት። ጀርባውን ከፍተህ ማሽኑንም ታነሣለህ። ሲሸጥ በጥጥ ጠቅልለህ፣ ባዶ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ከትተህ፣ ቆርቆሮውን በካርቶን አድርገህ ወደ ፖስታ ቤት ነው።

ከሁሉም የገረመኝ ግን የቃሉ ነገር ነው። ገዢው ዕቃው ሲደርሰው ስለ ሻጩ የሚሰማውን ይጽፋል፤ ቃሉም ከሻጩ ስም ሥር ለዘላለም ተሰቅሎ ይቀራል። ቀጥሎ የሚመጣ ገዢ መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው። የእኛ ሥር የተጻፈው ሁሉ ደግ ነበር። ልጄ ማታ ከሥራ ስትመለስ፣ "ዛሬ ማን ምን አለ?" እላታለሁ። "'በጥንቃቄ የታሸገ' ይልሃል ከጃፓን።" እኔም ደስ ይለኛል። ጃፓን ድረስ የሻይ ቆርቆሮዬ ተመሰገነ ማለት ነው!

እንግዲህ እንዲህ እያለን ነው እትዬ የመጡት። እትዬ የምላቸው ስለሚበልጡኝ ነው፤ ካርቲየ 3 የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርተው ያለፉ እናት ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ሰዓት ፈቱ። ፊቱ ጥቁር፣ ቀፎው ብረት፣ በእጅ የሚሞላ፣ ደህና የስዊስ ሰዓት ነው። የባቡሩ ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ለባለቤታቸው የሸለሙት ነው። ጀርባው ላይ በአማርኛ፣ "ለታማኙ ባልደረባችን" ይላል፤ ከሥሩ በግዕዝ ቁጥር ዓመተ ምሕረቱ።

"ሽጥልኝ" አሉኝ።

"እትዬ፣ ይኼ እንዴት ይሸጣል? ልጆች አሉዎት።"

"በልጆቼ ምክንያት ነው እንጂ! ትልቁ፣ 'በኩር እኔ ነኝ' ይላል። ትንሹ፣ 'ያስታመምኩት እኔ ነኝ' ይላል። ይኸው ፋሲካን አንዱ በበር ሲገባ ሌላው ሲወጣ አሳለፍኩ። ገንዘብ ለሁለት ይቆረጣል፤ ሰዓት አይቆረጥም። ሽጥና ገላግለኝ።"

ሰዓቱን ከፍቼ አጸዳሁት፣ ዘይት አስነካሁት፣ ዘጋሁት። በዕረፍት ቀኗ፣ አርብ ጠዋት፣ ልጄ ቤታችን ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ፎቶውን አንሥታ ለመጻፍ ተቀመጠች። ያደገችው በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ነው። የአማርኛውን ፊደል ታነባለች፤ የግዕዝ ቁጥር ግን ከናካቴው አይገባትም።

"ቁጥሩ ምን ይላል አባዬ?"

መነጽሬን ዓይኔ ላይ ገጥሜ አየሁ። "ሃምሳ አንድ።"

"ሃምሳ አንድ።" ጻፈች። "ሌላስ?"

"ሌላ የለም። መስታወቱ እንዳልተቀየረ ጻፊ።"

በሳምንቱ አርብ ከሰዓት ማራገቢያው ሥር ተቀምጠን ሐራጁ ሲዘጋ አየን። ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይጨምራል። ልጄ ከወንበሯ ተነሣች።

"ኧረ እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል?"

"ሰዓት የሚያውቁ ሰዎች ናቸዋ" አልኳት። ዘይት ያስነካሁት እኔ ስለሆንኩ ትንሽ ኩራትም ይዞኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ያሸነፈው አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ላክንለት። እትዬም ገንዘባቸውን ተቀብለው ለሁለት ከፈሉና፣ አንዱን ባልባላ ሰፈር ለሚኖረው ትልቁ ልጃቸው፣ አንዱን አብሯቸው ለሚኖረው ትንሹ ሰጡ። ነገሩ አለቀ ብዬ ረሳሁት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ልጄ ማታ ስትገባ እንደ ወትሮዋ አልነበረችም። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ቆመች።

"ማን ምን አለ ዛሬ?" አልኳት።

"ያ የባቡሩ ሰዓት ገዢ ጽፏል። ትንሽ ቅር ብሎታል።"

"ምን ብሎ?"

"ቅር ብሎታል አልኩህ እኮ።"

"ልጄ፣ እንደ ጻፈው አንብቢልኝ።"

አነበበችልኝ። ሰውየው ሰዓቱን ወስዶ ለራሱ ሰዓት ሠሪ አስከፍቶታል። ማሽኑ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተሠራበትን ዓመት ያሳያል፤ ሃምሳ ስምንት ነው። "አንተ ግን ጀርባው ሃምሳ አንድ እንደሚል ጽፈሃል። በሃምሳ አንድ የተሠራው የመጀመሪያው ዓይነት ስለሆነ ነው ያን ያህል የከፈልኩት። ማሽኑ ሳይወለድ ክዳኑ ላይ እንዴት ተጻፈ? ወይ ክዳኑ የሌላ ሰዓት ነው፣ ወይ ማሽኑን ለውጠኸዋል" ይላል። ከስማችን ሥር ደግሞ፣ በእነዚያ ሁሉ ደግ ቃላት አናት ላይ፣ ከቀይ ምልክት ጋር አንድ መስመር አስቀምጧል። "የሰዓት ዕቃ የሚቀያይር ሻጭ ነው። ተጠንቀቁ።"

ሰው ብዙ ነገር ቢለኝ ይቻለኛል። "ዘገየህ" ቢለኝ፣ "ተወደድክ" ቢለኝ፣ ለምጄዋለሁ። ይቺን ግን አርባ ዓመት ሙሉ ማንም ብሎኝ አያውቅም። ሰው ሁሉ ሊያያት በሚችልበት ቦታ ተሰቅላለች፤ ደግሞም ሰውየው የተናገረው እውነት ይመስላል። ቁጥር አይዋሽም። የማሽን ቁጥር ለእኔ መለዋወጫ ማዘዣ ነበር እንጂ፣ የልደት ወረቀት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ራት አቀረበች። አልበላሁም። "ለማይታይ ሰው ብለህ ጦምህን ልታድር ነው?" አለችኝ። የሚታየውማ ቢሆን ሄጄ አነጋግረው ነበር።

በማግስቱ ሱቄ ውስጥ መሳቢያውን ሁሉ ገለበጥኩት። የፈራሁት ሰውየውን ሳይሆን ራሴን ነው። ያን ቀን ሌላ ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ከፍቼ ነበር? እጄ ተሳስቶ የአንዱን ክዳን ለሌላው ገጥሜ ይሆን? እርጅና እንዲህ ነው የሚጀምረው ይላሉ። ብሎን በብሎን ቆጠርኩ፣ ክዳን በክዳን አየሁ። የጎደለ የለም፣ የተረፈም የለም። እጄ ንጹሕ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ የባሰ ሐሳብ መጣብኝ። ምናልባት ሟቹ ይሆኑ? የተሸለሙትን ሸጠው፣ ክዳኑን ብቻ አስቀርተው ሌላ ላይ አስገጥመውት ይሆን? የሞተ ሰው መጠርጠር ከባድ ነው። ግን ጠረጠርኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከልጄ ጋር ካርቲየ 3 ሄድን። እትዬ ደጃፋቸው ላይ ጥላው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። እንዴት አድርጌ እንደምጠይቅ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር የመጣሁት።

"እትዬ፣ ያ ሰዓት… ባለቤትዎ ሲቀበሉት አዲስ ነበር?"

ምስሩን ከእጃቸው አፈሰሱት። "ምን ማለትህ ነው?"

"እንዲያው ለማወቅ ነው።"

"እንዲያው ለማወቅ ካርቲየ 3 ድረስ በዚህ ፀሐይ አትመጣም። ተናገር!"

ተናገርኩ። እትዬ ገብተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡና ልጄ ጭን ላይ አስቀመጡት። "ይኸው! የባለቤቴ ነገር ሁሉ እዚህ አለ። እሱ ሌባ አልነበረም። የተሸለመው ትልቁ ልጄ ክርስትና በተነሣ ሰሞን ነው። አራስ ሆኜ፣ ሰዓቱን ጆሮዬ ላይ አስጠግቶ አሰማኝ። ታዲያ ሌላ ሰዓት ከየት ያመጣል?"

ልጄ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ታነሣለች። የሥራ ደብተር፣ የበዓል ፎቶ፣ የሐኪም ወረቀት። ከዚያ አንድ የታጠፈ የፈረንሳይኛ ወረቀት ፈታች።

"ይኼ የትልቁ ልጅዎ የልደት ወረቀት ነው እትዬ?"

"የእሱ ነው።"

"በሃምሳ ዘጠኝ ነዋ የተወለደው።"

"በሃምሳ አንድ ነው" አሉ እትዬ።

"ወረቀቱ ሃምሳ ዘጠኝ ይላል።"

"ወረቀቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ የወለድኩት? በሃምሳ አንድ፣ ጥር ላይ! የጥምቀት ማግስት!"

ልጄ ወረቀቱን አየች፣ እትዬን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ግንባሯን በመዳፏ መታች።

"አባዬ፣ የእኛ ሃምሳ አንድ ነው! የኢትዮጵያ!"

እኔ ገና አልገባኝም ነበር። "የማን ይሆናል ታዲያ?"

"ሰውየው የነሱ መስሎታል! እኔ ነኝ እንደነሱ አድርጌ የጻፍኩለት! የእኛ ሃምሳ አንድ የነሱ ሃምሳ ስምንትና ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ማሽኑ ልክ ነው፣ ክዳኑም ልክ ነው!" መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ ውስጥ እንባ አለበት። "እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የምሠራው ይኼንኑ ነው! ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወረቀት ላይ ያለውን ቀን ስቀይር ነው የምውለው!"

ያን ጊዜ ገባኝ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። እኔ በሁለት ዘመን ስኖር ነው ያረጀሁት። የቤተ ክርስቲያኑ፣ የበዓሉ፣ የልጆቼ ዕድሜ በእኛው ነው። የመታወቂያው፣ የቤት ኪራዩ፣ የፖስታ ቤቱ በነሱ ነው። ሁለቱን ግን በአንድ መሳቢያ አስቀምጬ አላውቅም። አማርኛ ያለበት ነገር ከሆነ ዘመኑም የእኛ ነው፤ ሌላ አይታሰበኝም። ልጄ ደግሞ ቢሮ ስትገባ ትቀይራለች፣ ቤት ስትገባ ትረሳዋለች።

እትዬ ሁለታችንን በየተራ አዩን። "ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? ልጄ የተወለደው በስንት ነው ልትሉ ነው?"

"በሁለቱም ነው እትዬ" አልኳቸው። "ስለ ባለቤትዎ ይቅር ይበሉኝ፤ በልቤ ጠርጥሬያቸው ነበር።"

"እሱ ይቅር ይበልህ። እኔማ ምስሬን አስደፍተኸኛል፤ ልቀም።" ለቀምኩ።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። በየዓመቱ ከቤተ ክርስቲያን የምታመጣው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። አናቱ ላይ የእኛ ዓመት በትልቁ፣ የነሱ በትንሹ፣ ጎን ለጎን ታትመዋል። ልጄ ያን አርብ የጻፈችው ልክ ከሥሩ ተቀምጣ ነበር።

"ከራሳችሁ በላይ ተሰቅሎላችሁ!" አለች ባለቤቴ። "በሉ አሁን ይበላል።" በላሁ።

ልጄ የመቁጠሪያውን ፎቶ አንሥታ ለሰውየው ላከችለት። ደብዳቤውን እኔ በአማርኛ ነገርኳት፣ እሷ በነሱ ቋንቋ ጻፈችው። "ስሕተቱ የእኛ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም። ጀርባው ላይ ያለው ዓመት የአገራችን ነው፣ ከናንተ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱን ካልፈለግኸው መልሰው፣ ገንዘብህን ሳይጎድል እንመልሳለን። ዕቃ ግን አልቀየርኩም" አልኩ። የመጨረሻዋን እንዳትተዋት ሁለት ጊዜ አስነበብኳት።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። እንደዚያ ዓይነት ሳምንት አይድገመኝ። ስሕተቱን እኛ ብናውቀውም ቀዩ ምልክት ቦታው ላይ ነው፤ ሰውየውም የሰማውን ላያምን ይችላል። ዓመት በአገር ይለያያል ሲሉት ማን ያምናል? እኔ ራሴ ሌላ አገር ብወለድ አላምንም። በመሐሉ እትዬ ሱቄ ድረስ መጡ። ለካ እሳቸውም ሌላ ነገር ነው የጨነቃቸው።

"ሰውየው ሰዓቱን ይመልሰዋል እንዴ?"

"ይመልስ ይሆናል። ያው የእርስዎ ነው፣ ይረከባሉ።"

"እንዳታመጣብኝ!" ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ጎረቤቴ ስልክ ሻጩ ሶማሌ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ልጆቼ ታርቀዋል። ባለፈው እሑድ ሁለቱም ከአንድ ትሪ በሉ። ያ ሰዓት ቤቴ ከገባ እንደገና ይጀምራሉ። ገንዘብ መልስ ካለኝ ካለችኝ ላይ ቆርጬ እመልሳለሁ፤ ሰዓቱን ግን እዚያው ያስቀምጥልኝ።"

እንግዲህ የእኔም ስም፣ የእሳቸውም ሰላም በአንድ በማናውቀው ሰው እጅ ላይ ወደቀ።

መልሱ የመጣው አርብ ከሰዓት ነው። ተኝቼ ነበር። ልጄ፣ "አባዬ፣ አባዬ" እያለች ቀሰቀሰችኝና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ።

ሰውየው እንዲህ ይላል። የመቁጠሪያውን ፎቶ ለሰዓት ሠሪው አሳይቶታል። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ነው፤ "እኔ በመጀመሪያው ቀን ነግሬህ ነበር" አለው። ለካስ ክዳኑን ሲከፍት፣ "ይኼን ሰዓት መጨረሻ የዘጋው ሰው አንድም ብሎን አልቧጠጠም፤ እንዲህ ያለ እጅ ዕቃ አይሰርቅም" ብሎት ነበር። "ያኔ ብሰማው ኖሮ ያን ቃል አልጽፍም ነበር። አንሥቼዋለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ" ይላል ሰውየው። ሰዓቱን ለምዶታል፣ ሊመልሰው አይፈልግም። የሃምሳ ስምንት ሰዓት ምን ያህል እንደሚያወጣ ተስማምተን ልዩነቱ ይመለስልኝ ብሏል። እትዬም መለሱለት፣ በደስታ።

"ቀዩስ?" አልኳት ልጄን።

"ጠፍቷል። እየው።"

ስልኳን አስጠጋችልኝ። የማላነበው ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ አየሁት። "ተጠንቀቁ" የነበረበት ቦታ ሌላ መስመር ቆሟል። አነበበችልኝ፤ "ዓመቱን በአገሩ አቆጣጠር ጽፎት ነው። ሠሪው እጁ ንጹሕ ነው።" ጌታዬ አርመናዊው ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ አመስግኖኝ አያውቅም። ተመልሼ ተኛሁ፤ ከሳምንታት በኋላ ያለ ሐሳብ የተኛሁት እንቅልፍ ያ ነው። ሱቁን ያን ቀን አልከፈትኩም።

ከዚያ ወዲህ በምንሰቅለው ሰዓት ሁሉ፣ ጽሑፍ ካለበት፣ ልጄ ሁለቱንም ዓመት ጎን ለጎን ትጽፋለች። አንዳንዴ ልታበሽቀኝ ስትፈልግ፣ "አባዬ፣ አንተንስ በየትኛው ልስቀልህ?" ትለኛለች። "በሚያንሰው" እላታለሁ።

እትዬ መልሱን ሊሰሙ የመጡ ቀን ደስ ብሏቸው፣ ለልጄ ሻርፕ ይዘውላት መጡ። ሊሄዱ ተነሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ያ ሰውዬ… ሰዓቱን ያስረዋል ወይስ ሣጥን ውስጥ ነው የቆለፈበት?"

ልጄን አየኋት። "ያስረዋል፣ ለምጄዋለሁ ብሏል" አለቻቸው።

"እንግዲያው ጠዋት ጠዋት ይሙላው በዪው። የልጆቼ አባት ከአልጋው ሳይነሣ ነበር የሚሞላው። ማታ ከሞሉት ይዘገያል።"

ሰዓት እንዲህ አያደርግም፤ ጠዋትም ተሞላ ማታ አንድ ነው። ግን "ጻፊለት" አልኳት። ልጄ ጻፈችለት። በማግስቱ ሰውየው መልስ ላከ፤ አጭር ናት።

"እሺ፤ ዛሬ ጠዋት ሞልቼዋለሁ" ትላለች።